አያታችን ከላይ ይሁኑ ወይስ ከታች?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ስለ ንድፍና ስለ ሥዕላዊ መግለጫ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት በድራፍቲንግ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቲ-ስኩዌር፣ ራፒዶግራፍ፣ ትሬሲንግ ወረቀት፤ ኋላ ደግሞ ኮምፒውተር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ሊፍት የለም፤ ጊዜ ግን አለ። ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዛፍ ነክ ሆነው አገኘኋቸው። የዘር ዛፍ፣ የቋንቋ ዛፍ፣ የመሥሪያ ቤት ዛፍ። ስለዚህ የዛሬው አምድ በሙሉ ለእነሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

*

«እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? የምንኖረው ለገጣፎ ነው። አያታችን በመጪው ጥር ሰማንያ ዓመት ይሞላቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተክለን፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ባነር ላይ የዘር ዛፋችንን አሳትመን ልናስደስታቸው አስበን ነበር። በመጨረሻው ትውልድ ብቻ ወደ 60 እንጠጋለን። ግን ተጣላን። ወንድሜ ‹አያታችን ከላይ ነው የሚሆኑት፣ ትልቅ ሰው ከታች አይቀመጥም› ይላል። እኔ ደግሞ ዛፍ ከሆነ ሥሩ ከታች ነው እላለሁ። አንዱ የአጎታችን ልጅ ‹ሴቶቹን ትተን ወንዶቹን ብቻ እንጻፍ፣ ቦታም ይተርፈናል› ብሎ አረፈው። ለመሆኑ ዘመድን በዛፍ መሣል ከየት መጣ? ትክክለኛውስ የቱ ነው?» — የልጅ ልጅ፣ ከለገጣፎ

ልጄ፣ አንቺም ወንድምሽም ከጥንት የመጣ ደጋፊ አላችሁ። የአጎትሽን ልጅ ግን ቆይቼ አነጋግረዋለሁ።

በወንድምሽ ልጀምር። የጥንት ሮማ ባለጸጎች እንግዳ በሚቀበሉበት አዳራሽ የአባቶቻቸውን ፊት በሰም ቀርጸው ያስቀምጡ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ በመስመር የተያያዙ የቤተሰብ ሥዕሎችም ነበሯቸው። ያ ገና ዛፍ አይደለም፤ መስመር ነው። በመካከለኛው ዘመንም ብዙ ጸሐፊዎች የነገሥታትን ትውልድ ሲጽፉ ቀደምቱን ከላይ አድርገው ወደ ታች ይወርዱ ነበር። እኔ እንደ ነዳፊ ሳየው ነገሩ ክብር ብቻ አይመስለኝም። ጽሑፍ የሚጀምረው ከላይ ነው። ልጅ በተወለደ ቁጥር ከታች መጨመር ይቀላል። ከታች የጀመረ ሰው ወረቀቱ ከላይ ሲያልቅበት ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ የጋብቻ ጣጣ መጣ። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ? የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ሰባተኛ ትውልድ የሚዛመዱ እንዳይጋቡ ትከለክል ነበር። በ1215 በአራተኛው የላተራን ጉባኤ ወደ አራት አወረደችው። ታዲያ ቆጠራው ራሱ ራስ የሚያዞር ነው። የሮማ ሕግ ከአንዱ ዘመድ ወደ ጋራ አባት ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ወርዶ ይቆጥራል። በዚያ አቆጣጠር የአክስት ልጅ አራተኛ ነች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወደ ጋራ አባት የሚወስደውን አንዱን በኩል ብቻ ትቆጥራለች፤ ያችው የአክስት ልጅ ሁለተኛ ትሆናለች። አንድ ዘመድ፣ ሁለት ቁጥር። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የሚፈርድ ሰው በቃሉ መተማመን አይችልም፤ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል።

የሴቪያው ኢሲዶር በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባዘጋጀው ትልቅ የዕውቀት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ የዝምድና ሥዕል አለ። ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን የሕግ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ተገልብጧል። «የሥጋ ዝምድና ዛፍ» ተባለ እንጂ ብዙ ጊዜ ቅርጹ የሳጥን ድርድር ነው። ወደ ላይ አባትና አያት፣ ወደ ታች ልጅና የልጅ ልጅ፣ ወደ ጎን አጎትና አክስት ከነልጆቻቸው። ቅጠሉንና ግንዱን ሠዓሊዎች ናቸው የጨመሩበት። ልብ አድርጊ፤ በዚህ ሥዕል መሃል ላይ የሚቀመጠው አያት አይደለም። ሊያገባ ያሰበው ሰውዬ ነው። ሥዕሉ የተሠራው «ይህችን ልጅ ማግባት እችላለሁ ወይ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ላይ «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል፥ ከሥሩም ቍጥቋጥ ያፈራል» ይላል። በሱሉልታ መንገድ ሲያልፍ ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ያየ ሰው፣ ነቢዩ የሚለው ወዲያው ይገባዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የመስታወት ሠዓሊዎች ይህን ቃል እንዳለ ሣሉት። በፓሪስ አጠገብ በቅዱስ ዴኒስ ቤተ ክርስቲያን በ1144 አካባቢ፣ ቀጥሎም በሻርትር ካቴድራል በ1150 አካባቢ በተሠሩት መስኮቶች ላይ እሴይ ከታች ተኝቷል። ከሰውነቱ ግንድ ይወጣል። ግንዱ ላይ ነገሥታቱ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ በላይ እመቤታችን፣ ከሁሉ በላይ ክርስቶስ። ጥንታዊው ሰው ከታች የሆነው ስለተናቀ አይደለም። ዓይናችን ወደ ላይ እንዲወጣ ስለተፈለገ ነው። ኋላ የአውሮፓ መሳፍንት ቅርጹን ወደዱትና የቤታቸውን መሥራች ከሥሩ አስቀምጠው ራሳቸውን ጫፍ ላይ ሰቀሉ። ማን ይጠላል!

እንግዲህ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሥዕል «ከማን መጣን?» ለሚል ሰው ይመቻል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው «ማን ጋ ደረስን?» ለሚል። መሃል ላይ የሚጀምረው ደግሞ «ለእኔ ምኔ ነው?» ለሚል። የእናንተ ባነር የሚመልሰው ጥያቄ የቱን እንደሆነ ተነጋገሩ። ከተስማማችሁ ጠቡ በግማሽ ይበርዳል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አያታችሁን ከላይም ከታችም አላደርጋቸውም። በግራ በኩል፣ መሃል ላይ፣ ከነፎቷቸው። ትውልዱ ወደ ቀኝ ይሂድ። ለምን መሰለሽ? ሒሳቡን ተመልከቺው። ድንኳን ውስጥ ከሁለት ሜትር ርቀት እንዲነበብ ፊደሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። «ወይዘሮ አልማዝ ታደሰ» ብለሽ ስትጽፊ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትወስዳለች። ዛፉ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ 60ው ስም ጎን ለጎን ሊደረደር ነው፤ 18 ሜትር! ለገጣፎ አደባባይ ድረስ ልትዘረጉት ነው? ዛፉን አጋድመሽ ብትስዪው ግን ስሞቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ 60ው በአንድ ሜትር ከሰማንያ ያልቃል። ባነራችሁ ሁለት ሜትር ቁመት አለው፤ ገባ ማለት ነው። አራት ትውልድ በአራት ዓምድ አንድ ሜትር ከሃያ ይወስዳል። በተረፈው ወርድ ፎቶ ደርድሩበት። ማተሚያ ቤቱ «ቆንጆ የዛፍ ዲዛይን አለን» ብሎ አረንጓዴ ቅጠል የሞላበት ነገር ቢያሳያችሁ እሺ እንዳትሉ። ቅጠሉ ስሙን ይበላዋል።

የአጎትሽን ልጅ በተመለከተ። ሴቶቹን መተው በአባት ስም ለሚጠራ ሕዝብ የሚቀል ይመስላል። ግን የአገራችንን የድሮ የርስት ክርክር ይጠይቅ። በጎጃምና በጎንደር በነበረው የርስት ሥርዓት ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ የባሕል ጥናት ምሁር ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አጥንቶ በ1973 አሳትሟል። «እናቴ የእገሌ ልጅ፣ እሷ ደግሞ በእናቷ የእገሌ» እያለ መቁጠር የማይችል ሰው መሬቱ ያመልጠው ነበር። በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ማለት ነው። በነዚያ ክርክሮች እናትና አያት ከተቆረጡ የስንቱ ርስት ይቀር ነበር! ስለዚህ ሴቶቹ ይጻፉ። ቦታው እንደሚበቃ ደግሞ ከላይ አስልቼላችኋለሁ።

በዚያው፣ ያላነሳሽውን አንድ ነገር ላንሳ። ለገጣፎ ሆናችሁ በቤተሰባችሁ የጉዲፈቻ ልጅ ባይኖር ይገርመኛል። መስመሩን በነጠብጣብ እንዳታደርጉት። አንዳንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በራሱ እንደዚያ ያደርጋል። በቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ልጅ ነው የሚቆጠረው። ልጁ ባነሩ ፊት ቆሞ የራሱን መስመር ከሌሎቹ ለይቶ እንዲያይ አልፈልግም፤ እናንተም አትፈልጉም።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። ባነሩ ከአያታችሁ ወዲህ ያለውን ያሳያል። ከእሳቸው ወዲያስ? ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ዛፍ መሣል አያስፈልግሽም፤ ቁጥር ይበቃሻል። ሚካኤል አይትሲንገር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1590 ያሳተመው ዘዴ አለ። አያትሽ 1 ይሁኑ። አባታቸው 2፣ እናታቸው 3። የአባታቸው አባት 4፣ የአባታቸው እናት 5፣ የእናታቸው አባት 6፣ የእናታቸው እናት 7። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የማንኛውንም ሰው ቁጥር በሁለት ስታበዢው አባቱ ይወጣል፤ አንድ ስትጨምሪበት እናቱ። ለምሳሌ 13 ቁጥርን ልፈልግ። ጎዶሎ ስለሆነ ሴት ናት። አንድ ቀንሼ ለሁለት ስከፍለው 6። ስለዚህ የ6 ቁጥር እናት፤ ማለትም የአያትሽ እናት አባት እናት። ስም ያልተገኘለት ቁጥር ባዶ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ዘመድ ይሞላዋል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ዛፍን ያለ መስመር በዝርዝር ለማስቀመጥ ዛሬም የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

እስከ ሰባት ቤት ልሙላ ካልሽ ግን ወገብሽን አጥብቂ። ሰባተኛው ትውልድ ላይ ብቻ 128 ሰው አለ፤ ከሥር ያሉት ሲደመሩ 254። ሃያ ትውልድ ላይ ስትደርሺ በዚያ እርከን ብቻ 1,048,576 ይሆናል። ሠላሳ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ከሠላሳ ትውልድ በፊት፣ ትውልዱን በ25 ዓመት ብንይዘው ከ750 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ በዓለም ላይ ያን ያህል ሰው አልነበረም። እንዴት ይሆናል? አንዱ ሰው በብዙ ቦታ ስለሚገባ ነው። የሩቅ ዘመዳሞች ሳይተዋወቁ ይጋባሉ፤ ቅርንጫፎቹ ተመልሰው ይገናኛሉ። የዘር ዛፍ ወደ ላይ ርቆ ሲሄድ መረብ ነው። ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባው ደግሞ ቅርብ ያሉት ቅርንጫፎች እንዳይገናኙ ነው።

*

«ሰበታ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ዛፍ ሣለ፤ ግንዱ ግዕዝ፣ ቅርንጫፎቹ አማርኛ፣ ትግርኛና ትግረ። አንዲት ልጅ ‹ትክክል አይደለም› ብላ ተነሳች። ክፍሉ ተረበሸ። እኔም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠሁም። ማን ነው ልክ? ቋንቋን በዛፍ መሣልስ ከዳርዊን የተቀዳ ነው?» — መምህር፣ ከሰበታ

መምህር፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አልተቀዳም። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር አውጉስት ሽላይኸር የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎችን ዝምድና ቅርንጫፍ ባለው ዛፍ ሥሎ ያሳተመው በ1853 ነው። ስለ ሕያዋን ዝርያዎች አመጣጥ የሚያስረዳው የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው በ1859። እርግጥ ዳርዊን በ1837 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ ከላይ ጽፎ አንዲት ቅርንጫፋም ሥዕል ጫር ጫር አድርጓል። ግን ደብተሩ የግሉ ነበር። ሽላይኸር የዳርዊንን መጽሐፍ እንዲያነብ የገፋፋው ወዳጁ የእንስሳት ተመራማሪው ኤርንስት ሄከል ነው። አንብቦም በ1863 «እኛ የቋንቋ ሰዎች እኮ ይህን ስንሠራ ቆይተናል» የሚል መንፈስ ያለው ግልጽ ደብዳቤ ለሄከል አሳተመ።

ሄከል ራሱ በ1866 ሕያዋንን በሙሉ በዛፍ ሣለ። በ1874 የሣለው ደግሞ ቅርፊቱ የሚታይ ወፍራም ግንድ ያለው የኦክ ዛፍ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰው ተቀምጧል። ሥዕሉ ያምራል። እንደ ባለሙያ ግን አልወደውም። ግንዱ በሙሉ ወደ እኛ ሲወጣ የነበረ፣ ሌላው ፍጥረት መንገድ ላይ የቀረ ያስመስላል። የዳርዊን መጽሐፍ ውስጥ ያለው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ እሱም ደረቅ መስመርና ፊደል። የማንም እንስሳ ስም የለበትም። ማንም ጫፍ ላይ አልነገሠም። እኔ ከዳርዊን ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ክፍሉ ረብሻ። ልጅቷ ልክ ናት። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 ባወጣው ምደባ፣ በብዙ የቋንቋ ሰዎችም ዘንድ፣ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች በሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ይከፈላሉ። ሰሜኑ ላይ ግዕዝ፣ ትግርኛና ትግረ አሉ። ደቡቡ ላይ አማርኛ ከአርጎብኛ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሐረሪና ስልጥኛም በዚያው በኩል ናቸው፤ ሌሎቹ የጉራጌ ቋንቋዎችም በደቡቡ ውስጥ ይከፋፈላሉ። እንግዲህ ግዕዝ ለአማርኛ እናት ሳይሆን በዝምድናው አክስት ቢጤ ነው። ልጁም ግን ዝም ብሎ አልተሳሳተም። አማርኛ ከግዕዝ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት በኩል እጅግ ብዙ ቃል ወስዷል። ፊደሉንም የወረሰው ከእሱ ነው። ተማሪው ያየው ውለታውን ነው፤ ዛፍ ደግሞ ውለታ አያሳይም፤ ትውልድ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ይህን ጉድለት በጊዜው ያየው የሽላይኸር የራሱ ተማሪ ነበር። ዮሐንስ ሽሚት በ1872 ቋንቋ እንደ ማዕበል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይስፋፋል ብሎ ተከራከረ። ለእኛ አገር ይህ በጣም ይሠራል። አማርኛ ከአገውኛ ጋር ብዙ ዘመን አብሮ ኖሯል፤ የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ሳይቀር ግሱን መጨረሻ ላይ በማድረግ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ይገጥማል። ለገጣፎዋ ልጅ ስመልስ «ጉዲፈቻ» ብዬ የጻፍኩትም ከኦሮምኛ ነው። እነዚህ ሁሉ በዛፉ ላይ መስመር የላቸውም።

ክፍል ውስጥ ሁለት ጠመኔ ይያዙ። በነጩ ዛፉን፣ በቀዩ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘለውን ውሰት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ቃል እየፈለጉ ቀዩን ይጨምሩ። ሰሌዳው በሳምንት ውስጥ ቀይ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

«የሳይንስ ዛፍስ ከዚህ ያመልጣል?» የሚል ተማሪ ከተነሳ ቡናን ይንገሩት። ከጫካችን የወጣው አረቢካ ቡና ከአንድ ቅርንጫፍ አልበቀለም። ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች፣ ሮቡስታ የምንለውና ዩጂንዮይድስ የሚባለው፣ ተዳቅለው የተገኘ ነው። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞሶም አላቸው፤ አረቢካ 44። ሁለቱንም ሙሉውን ይዞ ቀረ። ይህን በዛፍ ይሣሉት ቢሉኝ ሁለት ቅርንጫፍ አጣምሬ አንድ አደርጋለሁ፤ እውነተኛ ዛፍ ግን እንደዚያ አይበቅልም። ዳርዊንም በዚያው ዘመን ደብተሩ ላይ «የሕይወት ዛፍ ከማለት የሕይወት ኮራል ማለት ሳይሻል አይቀርም» የሚል አሳብ ጽፏል። እሱ ያሰበው ከሥር ያሉት ቅርንጫፎች ሞተው ስለማይታዩ ነው። ሆኖም ዛፍ መሆኑን ገና ከጅምሩ ተጠራጥሮታል።

*

«የመጀመሪያው የዛፍ ሥዕል የፖርፊሪ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት እሱ ሣለው?» — አንባቢ፣ ከቡራዩ

አልሣለውም። ፖርፊሪ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ከጢሮስ የመጣ ፈላስፋ ነው። የአርስቶትልን ሎጂክ ለጀማሪ የሚያስተዋውቅ አጭር መጽሐፍ ጻፈ። እዚያ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እየከፈለ ይወርዳል። አካል ያለው አለ፣ የሌለው አለ። አካል ካለው ሕይወት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ከዚያ ስሜት ያለው፣ ከዚያ የሚያስብ፣ ከዚያ ሰው። በቃል ብቻ ነው ያስረዳው። ሥዕሉን ያመጡት ከሱ በኋላ ጽሑፉን የተረጎሙትና የገለበጡት ናቸው፤ በመካከለኛው ዘመን «የፖርፊሪ ዛፍ» የሚለው ስም ጸና። የማዮርካው ራሞን ዩል ደግሞ በ1295 እና 1296 ዕውቀትን ሁሉ በ16 ዛፎች ከፋፍሎ ጻፈ። በ1751 መውጣት የጀመረው የፈረንሳዮቹ ኢንሳይክሎፒዲያም ከፊቱ የዕውቀት መከፋፈያ ሠንጠረዥ ነበረው። የዛሬው የቤተ መጻሕፍት አከፋፈል የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው።

*

«ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። አለቃዬ የድርጅቱን ቻርት እንደገና ሥራው አለኝ። ሁሌ ሥራ አስኪያጁ ከላይ ነው። ሌላ መንገድ የለም?» — ሠራተኛ፣ ከገላን

አለ፤ ያውም በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ከሚባለው ላይ። በ1855 የኒውዮርክና ኢሪ ባቡር ድርጅት የሥራ ኃላፊ ዳንኤል ማካለም የድርጅቱን መዋቅር በሥዕል አስወጣ። ነዳፊው ሄንሾ የሚባል መሐንዲስ ነው። ባቡሩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ነበር። የማካለም ክርክር ግልጽ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ከሆነ አንድ አለቃ ራሱ ተመላልሶ ሁሉን ያያል፤ አሥር እጥፍ ሲሆን ግን ማን ለማን እንደሚያሳውቅ ካልተለየ ሥራው ይበላሻል። ሥዕሉ ላይ ታዲያ የዳይሬክተሮች ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ያሉት ከታች፣ ከሥሩ ላይ ነው። ከእነሱ የባቡር መስመሮቹ እንደ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ተዘርግተው ይወጣሉ፤ ሠራተኞቹ ጫፍ ጫፉ ላይ ናቸው።

ለአለቃህ ወስደህ አሳየው። እሺ ባይልህም ከላይ ያለውን ሳጥን ትተህ መስመሮቹን ተመልከት። ማሽን ሲቆም የሌሊት ፈረቃው ልጅ ለማን ነው የሚደውለው? ያ መስመር ቻርቱ ላይ ከሌለ፣ ቻርቱ ለግድግዳ ጌጥ ነው።

*

«ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ላፕቶፔ ሞላ ይለኛል። ፎልደር ከፎልደር ውስጥ እየከፈትኩ የበላውን ፋይል ብፈልግ አጣሁት። ምን ይሻላል?» — ተማሪ፣ ከኮዬ ፈጬ

የኔ ልጅ፣ በዚህ ችግር ምክንያት አንድ አዲስ የዛፍ ሥዕል ተፈጥሯል። በ1990 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቤን ሽናይደርማን 14 ሰው የሚጋራው 80 ሜጋ ባይት ዲስክ ሞላበት። አንተ አሁን በቴሌግራም የምትልከው አንድ ቪዲዮ ከዚያ ይበልጣል። ቦታውን የበላው ማን እንደሆነ ለማየት የፎልደር ዛፍ ቢሥል ስክሪኑ አልበቃው አለ። ቅርንጫፍ የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል እንጂ ስንት እንደሚመዝን አያሳይም።

ስለዚህ ዛፉን ተወውና ስክሪኑን በሙሉ እንደ ቁራጭ መሬት አድርጎ ሸነሸነው። ትልቅ ፎልደር ትልቅ አራት ማዕዘን ይይዛል፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ፎልደሮች እንደ መጠናቸው ይካፈሉታል። መስመር የለም፤ ዝምድናው አንዱ በሌላው ውስጥ በመሆኑ ይታወቃል። ትሪማፕ ይሉታል። በ1998 የአሜሪካ አክሲዮን ገበያን በዚህ መልክ በአረንጓዴና በቀይ የሚያሳይ ገጽ ወጥቶ በጣም ተወደደ። የገንዘብ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ለላፕቶፕህ ይህንኑ የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። «ትሪማፕ» እና «ዲስክ» ብለህ ፈልግ፤ ከታወቀ ቦታ ብቻ አውርድ። ስትከፍተው ከሁሉ የሚተልቀውን አራት ማዕዘን ንካው። ብዙውን ጊዜ የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የተረሳ ፊልም ወይም የቴሌግራም ቪዲዮ ነው። የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ግን ምንም ቢተልቅ አትንካ።